ተማሪው ሲጨንቀው ማን ያየዋል? ስለ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና በሰሜን ሸዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአንድ የሰሜን ሸዋ ወረዳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። የተማሪዎችን የምክር አገልግሎትም ደርቤ እሠራለሁ። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ወላጆች በገበያ ቀን፣ መምህራን በሻይ ሰዓት የሚጠይቁኝ ናቸው። ተማሪዎች ደግሞ ግቢው ጭር ሲል በሩን ገፋ አድርገው "ቲቸር፣ አንድ ጓደኛዬ አለ..." ብለው ይጀምራሉ። ያ ጓደኛ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ናቸው።

ትምህርት ቤትና ማኅበረሰብ ይቀናጁ ሲባል ምን ማለት ነው? ሌላ ስብሰባ ነው?

አይደለም። ስብሰባማ ሞልቶናል።

አንድ ልጅ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚያየው ሰው ሐኪም አይደለም። እናቱ ናት። የክፍል ኃላፊው ነው። አጠገቡ የሚቀመጠው ልጅ ነው። ቤት ያከራዩት እናት ናቸው፣ የንስሐ አባቱ ናቸው፣ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ደግሞ የመድረሳው ኡስታዝ ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህ ሰዎች ግን አይገናኙም። እያንዳንዱ ቁራጯን አይቶ "የኔ ጉዳይ አይደለም" ብሎ ያልፋል። ቅንጅት የምለው ይህን ነው፦ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁሉም ያየውን የሚነግረው አንድ የታወቀ ሰው ይኑር፣ ያ ሰው ደግሞ ጤና ጣቢያ ውስጥ ማንን እንደሚያናግር ይወቅ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

እኛ አካባቢ ይህ ያን ያህል ችግር ነው እንዴ? ድሮም ልጅ ይከፋዋል፣ ያልፋል

ብዙው ያልፋል፣ እውነት ነው። የማያልፍም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆኑ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል ስታሰሉት ስምንት ዘጠኝ ልጅ ማለት ነው። አዋቂዎች ላይ ከምናየው የአእምሮ ሕመም ግማሹ የሚጀምረውም ከ18 ዓመት በፊት ነው። ትምህርት ቤት ላይ ሙጭጭ የምለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በዚያ ዕድሜ ልጆቹ ያሉት እኛ ጋ ነው።

የእኛ አካባቢ ደግሞ የራሱ ሸክም አለው። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ያዩ ልጆች ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ናቸው። በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ ከወላጆቻቸው ጋር ሌሊት በእግራቸው የወጡ ልጆችም አሉ። ከዚያ ወዲህም ተኩስ የሚሰማበት፣ ትምህርት የሚቋረጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ከሌላ አካባቢ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ያደጉም አሉ። እነዚህ ልጆች "ይከፋቸዋል፣ ያልፋል" ብቻ ተብለው መተው የለባቸውም።

ትምህርት ቤቱ ለብቻው ለምን አይበቃም?

በብዙ ትምህርት ቤት የምክር አገልግሎት ሰው ካለ፣ እሱም እንደ እኔ ክፍለ ጊዜ ይዞ የሚያስተምር ነው። ግን ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም። ዋናው ምክንያት እኛ ልጁን የምናየው ግማሽ ቀን መሆኑ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከመንዝ ገጠር የመጣች አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረችኝ። እዚህ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይታ ነው የምትማረው። ይህ ስንት ልጅ የሚኖረው ኑሮ እንደሆነ የእኛን አገር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤት፣ እሑድ ስንቅ ተሸክሞ ወደ ከተማ፣ በመሀል ያለውን ቀን ደግሞ በ15 ዓመቱ ራሱ አብስሎ፣ ራሱ በልቶ፣ ራሱን አስተኝቶ። ልጅቷ አንድም ቀን አልቀረችም። ስም ስጠራ "አቤት" ትላለች፣ ምልክት አደርጋለሁ፣ አለቀ። ደህና ናት ብዬ ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አከራይዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሮዬ መጡ። "ልጄ፣ ይቺ ልጅ አትበላም" አሉኝ። "ከቤት ያመጣችው በሶ ፌስታሉ ሳይፈታ ሁለት ሳምንቱ። ሌሊት መብራቷ አይጠፋም። ጠዋት ግን ፊቷን ታጥባ ትወጣለች።" እኔ ወራት ሙሉ ያላየሁትን ቆመው ነገሩኝ።

ጠርቼ ሳነጋግራት ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ነው የነገረችኝ። አባቷ ከሁለት በሬያቸው አንዱን ሸጠው ነው የቤት ኪራይዋን የከፈሉት። አሁን ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ያርሳሉ። የሒሳብ ፈተና 31 ሲመጣላት በሬው ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ደብተር በገለጠች ቁጥር በሬውን ነው የምታየው። እንቅልፍ ሄደ፣ ምግብ ሄደ፣ እንቅልፍ ያጣ ጭንቅላት ደግሞ ሒሳብ አይገባውም፤ እንዲህ እያለ ይዞራል።

ያደረግነው ትልቅ ነገር አልነበረም። አከራይዋ እራት አብረዋት መብላት ጀመሩ። ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ አነጋገረቻት፣ ለጊዜው መድኃኒት እንደማያስፈልጋት አይታ በየሳምንቱ እንድትመጣ ቀጠረቻት። አባቷ ቅዳሜ ለገበያ ሲወጡ ቢሮ ጎራ አሉ። እኔ ብዙ የምናገረው አዘጋጅቼ ነበር፣ አልፈለጉትም። ፊቷን አዩና "ልጄ፣ በሬ ይገዛል" አሏት። ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት። አሁንም አንዳንድ ቀን ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ ትሄዳለች።

ልጄ ፀባዩ ተቀይሯል። ጉርምስና ነው ወይስ ሌላ?

የጎረመሰ ልጅ ይነጫነጫል፣ በር ዘግቶ ይቀመጣል፣ ግን ጓደኞቹ ሲጠሩት ይወጣል፣ ኳስ ሲኖር ይስቃል። እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው፦ ምን ያህል ቆየ፣ ምን ወሰደበት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን ከፍቶት ከዋለ፣ የሚወደውን ነገር ከተወ፣ እንቅልፍና ምግቡ ከተዛባ፣ ውጤቱ በአንዴ ከወረደ፣ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ድባቴ በልጅ ላይ ሁልጊዜ እንደ ሐዘን አይታይም፤ ንዴት ሆኖ፣ "ሆዴን ቆረጠኝ፣ ራሴን አመመኝ" ሆኖም ይመጣል። ሦስቴ ጤና ጣቢያ ሄዶ ምንም ያልተገኘለትን የሆድ ቁርጠት እንዲህ አስቡት።

ሌላው ደግሞ ማንም የማይሰማውን ድምፅ እሰማለሁ ካለ፣ ሰዎች ይከታተሉኛል ብሎ ከፈራ፣ ንግግሩ ከተሳከረ፣ ይህ በወጣትነት የሚጀምር የተለየ ሕመም ሊሆን ይችላል። ይህን ቶሎ ወደ ሐኪም ነው። ቀድሞ የታከመና ከዓመታት በኋላ የታከመ ልጅ እኩል አይድኑም።

አከራይ ነኝ። ምን ላድርግ? የሰው ልጅ ነው፣ እፈራለሁ

ደግ ጥያቄ ነው። ሰላይ ሁኑ እያልኩ አይደለም። ልጁን ጥሩት፣ ቡና ሲፈላ "ና ቁጭ በል" በሉት። የማይበላ፣ የማይተኛ፣ ሰው የሚሸሽ ከሆነ መጀመሪያ ራሱን ጠይቁት። ከዚያ "ለመምህርህ ልንገርልህ ወይ?" በሉት። ሕይወቱ ላይ አደጋ የሚያሰጋችሁ ነገር ካያችሁ ግን ፈቃድ አትጠብቁ፣ ኑ ንገሩን። በእኛ ትምህርት ቤት በዓመቱ መጀመሪያ ተከራይቶ የሚማር ልጅ ሁሉ የአከራዩን ስምና ስልክ የክፍል ኃላፊው መዝገብ ላይ ያስጽፋል፤ ለአከራዮቹም የአንድ መምህር ስልክ ይሰጣቸዋል። ይህን ለማድረግ የፈጀብን አንድ ሳምንት ነው። ከሁሉ ሥራችን ይህን ነው ሌላ ትምህርት ቤት እንዲወስደው የምፈልገው።

እድር ምን ያገባዋል?

እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ብቻ አይተክልም፣ የሐዘንተኛውን ቤት ያውቃል። አባቱ የሞተበት ልጅ ከሠልስቱ በኋላ ትምህርት ቤት ሲመለስ እኛ አንዳንዴ ጥቁር ሻርፑን አይተን ነው የምናውቀው፣ እሱንም ካየን። የእድሩ ዳኛ ወይም ጸሐፊ ለትምህርት ቤቱ "ይህ ቤት ሐዘን ገብቷል፣ ልጁ እናንተ ጋ ነው" የሚል አንድ መልእክት ቢልኩ ብዙ ነገር ይለወጣል። በወር አንዴ እድርተኛው ሲሰበሰብ አሥር ደቂቃ ለምኜ ስለ ልጆች አውርቼ አውቃለሁ። ማንም አልከለከለኝም። ሰንበቴውም፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱም፣ መስጊዱም እንደዚሁ።

ለዚህ ውጭ አገር የታወቀ ምሳሌም አለ። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም፣ ሐኪም በሌለበት ምን ይደረግ ብለው፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አኑረው የአካባቢውን አያቶች አሠለጠኑ። አያቶቹ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው ይሰማሉ፣ ችግሩን ከሰውየው ጋር አንድ በአንድ ይፈታሉ። ሥራው ተጠንቶ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ ታትሟል፤ ከአያቶቹ ጋር የተነጋገሩት ሰዎች የድባቴና የጭንቀት ምልክታቸው ከሌሎቹ በግልጽ ቀንሶ ተገኝቷል። እኛም ጋ አያት ሞልቷል።

ጠበል ነው ወይስ ሐኪም?

ይህን የማይጠይቀኝ ወላጅ የለም። ጻድቃኔ ማርያምና ሸንኮራ ዮሐንስ እኛው አገር ናቸው፤ ከመላው ኢትዮጵያ ሰው ወደ እኛ ይመጣል። የእኔ መልስ፦ ሁለቱም። ጠበል የሚሄደውን አልከለክልም። እኔም እሄዳለሁ። የምለምነው ሦስት ነገር ነው። የታዘዘ መድኃኒት ካለ ጠበል ገባ ብላችሁ አታቋርጡ። ልጁን አትሰሩ፣ አትምቱ። ከትምህርትም ወራት ሙሉ አታስቀሩት፣ ካስቀራችሁትም ለእኛ ንገሩን፣ ሲመለስ እንድናግዘው።

"መድኃኒት ከወሰደ እምነት የለውም" ለሚሉ አንድ ነገር ላስታውስ። የኤችአይቪ መድኃኒት የመጣ ጊዜም ይኸው ክርክር ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። የብዙ ሰው ሕይወት በዚያ ቃል ተርፏል ብዬ አምናለሁ። የንስሐ አባቶች ለተጨነቀ ልጅ ወላጅ "ጸሎቱንም፣ ሐኪሙንም" ሲሉ የእኔ አሥር ምክር ያላደረገውን ያደርጋሉ። ስለዚህ ከቀሳውስት ጋር የምንነጋገረው ልናስተምራቸው አይደለም፣ እንዲረዱን ነው።

ጓደኛዬ "መኖር ሰልችቶኛል" አለኝ። ማንም እንዳይሰማ አስምሎኛል

ይህን ምስጢር አትጠብቅ። መሐላውን አፍርሰው። ጓደኛህ ይቆጣሃል፣ ይቆጣ፤ በሕይወት ያለ ሰው ይታረቃል።

ብዙ ሰው ስለ ራስን ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ጭንቅላቱ ውስጥ መክተት ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ቀስ ብሎ፣ በግልጽ መጠየቅ ለልጁ ያቀልለታል። "ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። "አዎ" ካለ አትደንግጡበት፣ አትስበኩት፣ "ኃጢአት አይደለም እንዴ?" አትበሉት፣ ያንን እሱም ያውቀዋል። ለብቻው አትተዉት። ወላጅ፣ መምህር፣ ማንም የምታምኑት ትልቅ ሰው በዚያው ሰዓት ይወቅ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂድ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ወላጆች ደግሞ፣ ቤት ውስጥ ያለውን የፀረ ተባይ መርዝና መሣሪያ ቆልፉበት፣ ወይም ለጊዜው ዘመድ ቤት አስቀምጡት። ይህ ተራ ምክር እንዳይመስላችሁ። ያ ክፉ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ለአጭር ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት እጁ ላይ ምንም ካላገኘ ልጁ ያልፈዋል። ስሪ ላንካ በጣም አደገኛ የሆኑትን የእርሻ መርዞች ደረጃ በደረጃ ስታግድ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር ከ70 በመቶ በላይ ወርዷል። እርሻ ደግሞ አልቆመም። ገጠር ያለን ሰዎች ይህን በደንብ እናስብበት።

ስሙ ይጠፋል ብዬ እፈራለሁ። "አማኑኤል ገባ" ቢባልስ?

ፍርሃቱ ይገባኛል። አዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ስም እኛ ጋ ስድብ ሆኖ ቀርቷል፣ ያሳዝናል፤ ስንት ሰው የዳነበት ቤት ነው። ግን ልጃችሁ ለመታከም የግድ አዲስ አበባ መሄድ የለበትም። ጤና ጣቢያ ይጀምራል። ከበድ ካለ ደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

ትምህርት ቤት ውስጥ ምስጢር መጠበቅ የእኛ ግዴታ ነው። በእኔ ቢሮ ልጁ ያለኝን ለሌላ መምህር አላወራም። "የክፍል ሥራ ለሁለት ሳምንት ታገሱት" እላለሁ፣ ምክንያቱን አልናገርም። ከዚህ የማልፈው ሕይወቱ አደጋ ላይ ሲሆን ወይም ሰው እየጎዳው ሲሆን ብቻ ነው፤ ይህንንም ገና ቁጭ ሲል እነግረዋለሁ። አንድ መምህር የተማሪን ምስጢር ሻይ ቤት ካወራ፣ የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለዓመታት አፋቸውን ይዘጋሉ። አይቼዋለሁ።

ቢሮው ላይ "የአእምሮ ጤና" የሚል ትልቅ ታፔላ አትለጥፉ እላለሁ። የእኛ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ነው። የሚገባው ልጅ መጽሐፍ ሊመልስ የሄደ ይመስላል።

መድኃኒቱ ሱስ አያስይዝም?

ለድባቴ የሚሰጡት የተለመዱት መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። ግን ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋሉ፣ በራስ ፈቃድ በአንዴ ማቆምም ጥሩ አይደለም። ለልጆችና ለታዳጊዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ንግግርና ድጋፍ ነው። ፋርማሲ ሄዳችሁ "ለጭንቀት የሚሆን ስጠኝ" አትበሉ። የጎረቤት መድኃኒትም አትዋሱ።

ክፍል ውስጥ የሚጥለው ልጅስ?

እሱ መንፈስ አይደለም፣ የሚጥል በሽታ ነው፣ መድኃኒት አለው። ክብሪት ለኩሶ ማሽተት ይቅር። አፉ ውስጥም ምንም አትክተቱ። በጎኑ አስተኙት፣ ዙሪያውን ክፍት አድርጉ፣ ሰዓት ተመልከቱ፣ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሕክምና። አይተላለፍም። እባካችሁ አጠገቡ ተቀመጡ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ልጆቹን እየገደላቸው ነው። ምን እናድርግ?

ቁጥሮቹን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን በአገር ደረጃ ከተፈተኑት ግማሽ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 5.4 ሆነ፣ በ2017 8.4። ተሻሽሏል፤ ቢሆንም በ2017ም ከመቶ ተማሪ ከ90 በላይ የሚሆነው ማለፊያውን ሳያገኝ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ይህን ያህል ልጅ በአንድ ጊዜ "ሰነፍ" ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ ውጤት የሚወጣበትን ሳምንት እንደ አደጋ ሳምንት ነው የምንይዘው። ከዚያ በፊት ወላጆችን በወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት በኩል ጠርተን አንድ ነገር እንለምናቸዋለን፦ ውጤቱ ሲታይ የመጀመሪያው ቃላችሁ ምን ይሁን? "ና ብላ" ይሁን። የጎረቤት ልጅ ስንት አመጣ የሚለው ይቅር። ውጤት ካየ በኋላ ስልኩን ያጠፋ፣ ከቤት የጠፋ ልጅ ካለ ጓደኞቹ በዚያው ቀን ቤቱ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሪሚዲያል፣ ስለ ቴክኒክና ሙያ፣ እንደገና ስለ መፈተን እናወራለን። በመጀመሪያው ቀን ግን ስለ ዕቅድ ማውራት አይረባም፤ ልጁ አይሰማም።

የሚማታ መምህር አለ። ልጄ በሱ ምክንያት ትምህርት ጠልቷል

መማታት ክልክል ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ለርዕሰ መምህሩ ንገሩ፣ ካልተሰማችሁ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ልጅ የሚፈራው ቤት ውስጥ የምክር ቢሮ መክፈት ዋጋ የለውም። ለሥራ ባልደረቦቼም ይህንኑ ነው የምለው፣ ፊት ለፊት።

ተፈናቅለው የመጡ ልጆች ክፍል ውስጥ አሉ። ያዩትን እንዲናገሩ ላድርግ?

አታስገድዷቸው። "ተነሥና ያየኸውን ለክፍሉ ተናገር" የሚባል ነገር አይደረግ። ልጁ መናገር ሲፈልግ ሰው ያግኝ፣ በቃ። ከችግር ለወጣ ሰው የሚደረገው የመጀመሪያ እርዳታ ሦስት ነገር ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ምን እንደጎደለው እዩ፤ አንዳንዴ የጎደለው ደብተርና ጫማ ነው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ በጋቢም አይቻልም። ሳትቸኩሉ አዳምጡ። ከዚያ ከሚረዳው ሰው ጋር አገናኙ። በር ሲጋጭ የሚደነግጥ ልጅ ካለ ወንበሩን በሩን ማየት የሚችልበት ቦታ አድርጉለት። እኛ አንድ ልጅ እንዲህ ቦታውን ቀይረንለት ነው መጻፍ የጀመረው።

ለእነዚህ ልጆች የሚያስፈልገው ከሁሉ በላይ የተለመደ ቀን ነው። ደወል፣ ሰልፍ፣ መዝሙር፣ ኳስ። ሚኒ ሚድያ ላይ ግጥም የሚያነብ ልጅ፣ የክበብ አባል የሆነ ልጅ ቀስ እያለ ይመለሳል። ሌሊት ሌሊት የሚቃዥ፣ ከወራት በኋላም ያልተሻለው ካለ ግን ወደ ባለሙያ።

መምህር ነኝ፣ የሥነ ልቦና ትምህርት የለኝም። ባበላሸውስ?

የምታበላሸው ዝም ስትል ነው። ማከም አይጠበቅብህም። ክፍል ውስጥ አይደለም፣ ለብቻው ጠርተህ "ሰሞኑን ዝም ብለሃል፣ ምን ሆነሃል?" በለው። ከዚያ አንተ ዝም በል። እኛ መምህራን ዝምታ አንችልም፤ ልጁ አፉን ሲከፍት ምክር እናጎርፍበታለን። አምስት ደቂቃ ምንም ሳትመክር ስማው። የሰማኸውን ለምክር አገልግሎቱ አድርስ።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ለሆናችሁ ደግሞ፣ የሥነ ልቦና መምህራን አሉ፣ የማኅበረሰብ አገልግሎትም የዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ደብዳቤ ጽፋችሁ መምህራኑን እንዲያሠለጥኑላችሁ ጠይቁ። በአካል ሂዱና ጠይቁ፤ ደብዳቤ ብቻውን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ስንት ብር ይፈልጋል?

አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበር፣ የሚቆለፍ መሳቢያ። ምክር የሚሰጠው መምህር ደግሞ ክፍለ ጊዜው ይቀነስለት። የመጨረሻው ነው የሚከብደው፣ እሱን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ታገሉበት።

ትምህርት ቤት ሲዘጋስ? እኛ ጋ ሁለት ጊዜ ተዘግቷል

ያን ጊዜ ነው የደከምንበት ነገር የሚታየው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቢሮዬም አብሮ ይዘጋል። እድሩ ግን አይዘጋም፣ ቤተ ክርስቲያኑ አይዘጋም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቀበሌዋ አለች፣ ለዓመታት በየቀበሌው ቤት ለቤት የሚዞሩት እነሱ ናቸው፣ የማያውቁት በር የለም። ስለዚህ ትምህርት ሳለ፣ ነገሩ ደህና ሳለ፣ ዝርዝር ያዙ፦ የምትከታተሏቸው ልጆች ቀበሌያቸው የት ነው፣ እዚያ ማን አለ? መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ ለስንት ጊዜ የሚበቃ እንዳለው ጠይቁ፤ መንገድ ሊዘጋ ይችላል ብላችሁ ሐኪሙን አማክሩ። የልጁን ስም ለኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ከመስጠታችሁ በፊት ግን እሱንም ቤተሰቡንም ጠይቁ።

ባለፈው ትምህርት ሲቋረጥ ያቺ የመንዟ ልጅ ወደ አገሯ ገባች። ስልክም አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ገበያተኛ ፌስታል ይዞልኝ መጣ፣ ውስጡ ትንሽ ቆሎና የተጣጠፈ ወረቀት። "ቲቸር፣ ደህና ነኝ፣ እበላለሁ። ለእትዬም ይንገሩልኝ።" እትዬ የምትላቸው አከራይዋን ነው። ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ፤ ማንበብ ስለማይችሉ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው።